እልህ የገዛው ዕቃ

ሰው ገበያ ውሎ ሲመለስ ጎረቤቱ «ምን ገዛህ? በስንት ገዛህ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ «ማንን አሸነፍህ?» አይለውም። መግዛትና ማሸነፍ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸውና ቋንቋችን ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል። በኢንተርኔት የሚካሄደው ሐራጅ ግን ሁለቱን ቃላት እንደ ውሃና ወተት ቀላቅሏቸዋል። አንድ ሰው ያገለገለ የእጅ ሰዓት በዚህ ገበያ ተጫርቶ ሲያገኝ፥ በስልኩ ላይ የሚነበብለት ቃል «ገዛህ» የሚል ሳይሆን «አሸነፍህ» የሚል ነው። ገንዘቡ ከኪሱ ሊወጣ ሳለ የድል ብሥራት ይነገረዋል። ይህች ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሷ ናት።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሐራጅ ላይ ከልክ በላይ ዋጋ የሚሰጥ ሰው፥ ከልኩ ያለፈውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ለእልሁ መሆኑን ነው። አንዳንድ ሰዎች «ወዶ የገዛ ሰው ምን ተበደለ? ገበያ ነው!» እያሉ ነገሩን በአንድ ቃል ሊዘጉት ይወዳሉ። እኔ ግን ይህ አነጋገር እውነት የሚመስል ስሕተት ነው እላለሁ። ወጣቶች ሆይ፥ ክርክሩን አድምጡና ፍርዱን ራሳችሁ ስጡ።

አስቀድሞ ይህ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ዓ.ም. ፒዬር ኦሚድያር የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ሆኖ አንድ የሐራጅ ገበያ በኢንተርኔት ከፈተ፤ በኋላ ኢቤይ ተብሎ በዓለም ሁሉ የታወቀው ይህ ነው። በዚያ ገበያ ከሁሉ አስቀድሞ ተሸጠ የሚባለው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን፥ ዋጋውም 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነበር። ከመዠመሪያው ቀን ጀምሮ የማይሠራ ዕቃ እንኳ ተጫራች አላጣም ማለት ነው።

የአሠራሩ ደንብ እንዲህ ነው። ሻጩ መነሻ ዋጋና የመዝጊያ ሰዓት ይወስናል። ተጫራቹም «ከዚህ በላይ አልሄድም» የሚለውን ዋጋ ለማሽኑ በምስጢር ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እንደ ታማኝ ወኪል ሆኖ ስለ ሰውዬው ይጫረታል፤ ሌላው ተጫራች ካቆመበት ጥቂት ብቻ አስበልጦ ይቆማል። እኔ እስከ 100 ዶላር ብፈቅድና ሌላው ሰው በ60 ቢያቆም፥ እኔ የምከፍለው ከ60 ጥቂት ከፍ ያለውን ነው እንጂ መቶውን አይደለም።

ይህን የመሰለው ደንብ ምን ጥበብ እንዳለበት ኢቤይ ሳይወለድ ያስረዳ ሊቅ ነበር። እርሱም ዊልያም ቪክሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ ብቻ በሚከፍልበት ጨረታ ለማንም ሰው የሚበጀው መንገድ ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ማለት መሆኑን አሳየ። ከዚያ በላይ ቢናገር ይጎዳል፤ ከዚያ በታች ቢናገር የሚፈልገውን ዕቃ በከንቱ ያጣል። ስለዚህና ስለ ሌሎቹ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ብሥራቱንም ከሰማ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ።

እንግዲህ ጥበቡ አጭርና ቀላል ነው፤ ለአንድ ዕቃ ምን ያህል እንደምትከፍል አስብ፥ ጻፍ፥ ተነሥተህ ወደ ሥራህ ሂድ። ሕፃን እንኳ ይህን ይረዳዋል። ታዲያ ስንት የተማረ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፥ ስልኩን አቅፎ፥ አምስት አምስት ዶላር እየጨመረ ሲጫረት የሚያድረው ለምንድር ነው? ማሽኑ አልዋሸውም፤ ደንቡም አልተሰወረበትም። የዋሸው ልቡ ነው።

ልቡ የሚዋሽበትን መንገድ እንመርምር። የመዠመሪያው መንገድ ዓይንን ከዕቃው ላይ አንሥቶ ባላንጣው ላይ መትከል ነው። ሰው ሐራጁን ሲጀምር «ይህ ሰዓት ምን ያህል ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ሰው መጥቶ ዋጋ ሲጨምርበት ግን ጥያቄው ሳይታወቀው ይለወጣል፤ «ይህ ሰው ማነውና ነው የሚበልጠኝ?» ይሆናል። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ዕቃው ተረስቷል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሠርግ ቤት አንዱ አዝማሪውን መቶ ብር ሲሸልም ማዶ የተቀመጠው ሁለት መቶ፥ ያኛውም ደግሞ ተነሥቶ ሦስት መቶ እያለ ሲፎካከሩ ያላየ ማን አለ? ግጥሙ የተሻለው ከሁለተኛው ሽልማት በኋላ ነውን? አይደለም፤ አዝማሪው የሚዘፍነው ያንኑ ነው። የጨመረው እልሁ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው በከንቱ አይደለም።

ይህን ምሳሌ ብቻ ሆኖ እንዳታዩት አንድ የተመረመረ ነገር ልንገራችሁ። ያንግ ሃን ሊና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ በኢቤይ ላይ በሐራጅ ይሸጥ የነበረ አንድ የሰሌዳ ጨዋታ መረጡ። ያው ጨዋታ፥ አዲሱ፥ በዚያው ገበያ ውስጥ፥ በዚያው ሰዓት ወደ 130 ዶላር በሚጠጋ በተቆረጠ ዋጋ ይገኝ ነበር፤ ማንም ሰው ሳይጫረት ወዲያው ሊገዛው ይችላል። ሆኖም ካጠኗቸው ሐራጆች ከመቶው 42 የሚሆኑት ከዚህ ከተቆረጠው ዋጋ በላይ ተዘጉ። እንዲህ ያደረጉት ሁሉም ተጫራቾች አይደሉም፤ ከመቶው 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ሐራጅ የሚመርጠው አስተዋዩን ሳይሆን እልኸኛውን ስለ ሆነ፥ ጥቂቶቹ ዋጋውን ለመስቀል በቁ። የጨዋታው ዓላማ ደግሞ ሰውን ገንዘቡን በብልሃት እንዲያስተዳድር ማስተማር ነበር! የገንዘብን ጥበብ ለመማር ገንዘባቸውን በከንቱ ጣሉ።

ሁለተኛው መንገድ ገና ያላገኙትን ነገር እንደ ራስ ንብረት መቁጠር ነው። አንድ ተጫራች ሦስት ቀን ሙሉ በዋጋ ሲመራ ሲቆይ፥ ዕቃውን በልቡ ቤቱ ያስገባዋል። ካሜራ ከሆነ ምን ምን ፎቶግራፍ እንደሚያነሣበት ያስባል፤ ጫማ ከሆነ በየትኛው ሱሪ እንደሚያደርገው ይመርጣል። በአራተኛው ቀን «ሌላ ሰው በልጦሃል» የሚል መልእክት ሲደርሰው፥ ያልገዛው ዕቃ ያመለጠው ሳይሆን የገዛ ዕቃው የተቀማበት ይመስለዋል። ሰው ደግሞ ከሚያገኘው ይልቅ ለሚያጣው ይንገበገባል።

ይህም ተፈትኖ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፥ ተጫራቾች በጨረታ ሲሸነፉ በአእምሮአቸው ውስጥ የሚሆነው ነገር በመሣሪያ ተመረመረ፤ ለሽንፈቱ አእምሮአቸው አብዝቶ የሚነካ ሰዎች ከልክ በላይ የሚጫረቱ ሆነው ተገኙ። ቀጥሎም ተመራማሪዎቹ ለአንዱ ወገን «ካሸነፋችሁ 15 ዶላር ይጨመርላችኋል» አሉ፤ ለሌላው ወገን ግን 15 ዶላሩን አስቀድመው ሰጥተው «ካላሸነፋችሁ ይወሰድባችኋል» አሉ። በሒሳብ ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን ይወሰድባችኋል የተባሉት ከሌሎቹ አብልጠው ተጫረቱ። እንግዲህ የሰው ኪስ የሚከፈተው በደስታ ተስፋ ብቻ አይደለም፤ በማጣት ፍርሃት ይበልጥ ይከፈታል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን ፍርሃቱን ይሸጥልሃል።

ሦስተኛው መንገድ «እስከዚህ ድረስ መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ?» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ማርቲን ሹቢክ የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ አንዲት ክፉ ጨዋታ በጽሑፍ አወጣ። አንድ ዶላር በሐራጅ ይቀርባል፤ ከፍተኛውን ዋጋ የጠራ ዶላሩን ይወስዳል፤ ነገር ግን ሁለተኛ የወጣውም ሰው ዕቃውን ሳያገኝ የጠራውን ዋጋ ይከፍላል። በሳንቲም የተጀመረው ጨዋታ እያደገ ሄዶ አንድ ዶላር ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጣል። ሁለቱ ሰዎች ገና ሲገቡ ትርፍ ይፈልጉ ነበር፤ በኋላ ግን የሚፈልጉት ከባላንጣቸው ያነሰ መክሰር ብቻ ነው።

ሹቢክ ለትምህርት ያሳየውን ነገር ሌሎች ሰዎች መተዳደሪያ አደረጉት። በጀርመን አገር ተጀምሮ ስዉፖ በሚል ስም የታወቀ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የከሰረ አንድ የኢንተርኔት ሐራጅ ነበር። በዚያ ተጫራቹ ዋጋ በጠራ ቁጥር ይከፍላል፤ በአሜሪካ ለአንድ ጥሪ 60 ሳንቲም ነበር። በብዙዎቹ ሐራጆች አንዱ ጥሪ የዕቃውን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው በአንድ ሳንቲም ወይም በጥቂት ሳንቲሞች ብቻ ነው፤ ሰዓቱንም በጥቂት ሴኮንድ ያራዝመዋል። እስቲ እናስላው። አንድ ዕቃ በየአንድ ሳንቲሙ አድጎ በ50 ዶላር ቢዘጋ፥ 5,000 ጊዜ ተጠርቷል ማለት ነው። ለጥሪው ብቻ 3,000 ዶላር ተሰብስቧል። አሸናፊው «በ50 ዶላር ገዛሁ» ብሎ ጎረቤቱን ያስቀናል፤ የሌሎቹ ገንዘብ ግን እንደ ጢስ በንኖ ቀርቷል። ኔድ ኦገንብሊክ የተባለ ተመራማሪ የዚህን ሐራጅ መዝገብ መርምሮ፥ አጫራቹ ከዕቃዎቹ ዋጋ በላይ በአማካይ ግማሽ ያህል ትርፍ ይሰበስብ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. አሳተመ። አንድ ጊዜ ብዙ የከፈለ ሰው ከዚያ መውጣት ይከብደዋል። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው መቆፈር ማቆም እንጂ አጥብቆ መቆፈር አያወጣውም፤ ነገር ግን እልህ የያዘው ሰው ዶማውን አይጥልም።

አራተኛው መንገድ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ይኸውም ማሸነፍ ራሱ የስሕተት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ማክስ ቤዘርማንና ዊልያም ሳሙኤልሰን ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ዋጋቸው 8 ዶላር የሆነ ነገሮች የሞሉባቸውን ማሰሮዎች በጨረታ አቀረቡላቸው። የተማሪዎቹ አማካይ ግምት 5 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነበር፤ ማለት ብዙዎቹ አሳንሰው ገመቱ። ሆኖም ያሸነፉት ሰዎች አማካይ ዋጋ 10 ዶላር ከ1 ሳንቲም ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሐራጅ የሚያሸንፈው በመካከል ያለው ግምት ሳይሆን ከሁሉ የራቀው ግምት ነው። ከመቶ ሰዎች መካከል አንተ ብቻህን «ይህ ዕቃ ይህን ያህል ያወጣል» ካልህ፥ ወይ ከመቶው ሁሉ ይልቅ ዐዋቂ ነህ፥ ወይም ከመቶው ሁሉ ይልቅ ተሳስተሃል። ወጣቶች ሆይ፥ «አሸነፍህ» የሚለው ቃል በመጣ ጊዜ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆንህ መጠየቅ አይከፋም።

ከዚህም ሁሉ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ እልህ ያስያዘህ ባላንጣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓ.ም. አንድ የካሊፎርኒያ ጠበቃ አንድ ሥዕል በ25 ሳንቲም መነሻ ዋጋ ኢቤይ ላይ አወጣ። ተመልካቾች የታዋቂው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ መሰላቸውና እየተሽቀዳደሙ ዋጋውን 135,805 ዶላር አደረሱት። በኋላ ሲጣራ ሻጩ ራሱ በሌላ ስም ገብቶ የገዛ ሥዕሉን ይጫረት እንደ ነበር ተገለጠ፤ ሽያጩ ተሰረዘ፥ ሰውዬውም በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ። በዓይን በሚታይ ሐራጅ ተፎካካሪህን ታየዋለህ፤ ልብሱን፥ ፊቱን፥ አቅሙን ትገምታለህ። በኢንተርኔት ግን ከጥላ ጋር ትታገላለህ። ጥላን ደግሞ ማንም ጥሎት አያውቅም።

ይህ ሁሉ የዘመናችን ማሽን ያመጣው በሽታ ነው የሚል ቢኖር ወደ ሮም ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ193 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ወታደሮች ጌታቸውን ፐርቲናክስን ገደሉና ዙፋኑን በሐራጅ አወጡት። ሱልፒክያኖስ በሰፈሩ ውስጥ፥ ዲድዮስ ዩልያኖስ በሰፈሩ ደጅ ሆነው ተጫረቱ፤ መልእክተኞችም የአንዱን ዋጋ ለሌላው ያደርሱ ነበር። ሱልፒክያኖስ ለእያንዳንዱ ወታደር እስከ 20,000 ሰስተርስ ደረሰ። ያን ጊዜ ዩልያኖስ ጥቂት በጥቂት መጨመሩን ትቶ በአንድ ጊዜ 5,000 ጨመረ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ በጣቶቹም እየቆጠረ 25,000 ጠራ። አሸነፈም። በ66ኛው ቀን ተገደለ። ይህ ሰው በዚያች ሰዓት ስለ መንግሥት ጭንቀት፥ በየጠረፉ ስላሉት የጦር አዛዦች፥ ስለ ሕዝቡ ቍጣ አስቦ ነበርን? አስቦ ቢሆን ኖሮ በነጻ ቢሰጡትም አይቀበልም ነበር። በጆሮው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሱልፒክያኖስ ዋጋ። ለዙፋኑ ሳይሆን ሱልፒክያኖስን ዝም ለማሰኘት ከፈለ፤ የተቀበለው ግን ዙፋኑን ነው።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ። የመዠመሪያዎቹ «ማንም አላስገደደውም፥ በፈቃዱ ነው» ይላሉ። እኔም እጠይቃቸዋለሁ፤ የትኛው ፈቃዱ? ያ ሰው ጧት ልቡ ረግቶ ሳለ «ከ60 ዶላር በላይ አልሰጥም» ብሎ ነበር፤ ሌሊት ሐራጁ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው 110 ሰጠ። ሁለቱም ፈቃዶቹ ናቸው። ነገር ግን በጠጅ ቤት ሞቅ ብሎት ርስቱን የሸጠን ሰው ዘመዶቹ ሲያዝኑለት «በፈቃዱ ነው» ብሎ የሚያልፍ፥ ፈቃድ የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ አላወቀውም። ፈቃድ የሚባለው ሰው በማግሥቱም ቆሞ የሚመሰክርለት ነው።

ሁለተኞቹ «የዕቃ ዋጋ ማለት ሰው የሚከፍለው ነው፤ ከልክ በላይ የሚባል የለም» ይላሉ። መልሱ ከላይ በተነገረው ጨዋታ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ያንኑ ዕቃ በዚያው ሰዓት እዚያው አጠገቡ በርካሽ ሊያገኘው እየቻለ በውድ ከገዛው፥ ትርፉ የዕቃው ዋጋ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ሌላ ነገር ገዝቷል።

ሦስተኞቹ ደግሞ «ይህ መጫወቻ ነው፤ ሰው ለደስታው ቢከፍል ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የተሻለው ክርክር ስለ ሆነ በጥንቃቄ ልመልስለት። ለደስታ መክፈል ነውር የለበትም። ነገር ግን ለደስታ የሚከፍል ሰው ለምን እንደሚከፍል ያውቃል። በአገራችንም፥ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘንድ፥ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አንድ ጥላ ወይም አንድ ሥዕል ለጨረታ ሲቀርብ አይታችኋል። ጥላው በሱቅ የሚያወጣው ዋጋ ይታወቃል፤ እዚያ ግን ብዙ እጥፍ ይጠራበታል። የጨመረው ሰው አልተታለለም፤ ጥላ እየገዛ ሳይሆን ምጽዋት እየሰጠ መሆኑን ያውቃልና። እርግጥ ነው፥ እዚያም ቢሆን ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለጎረቤቱ ዓይን የሚጨምር አይጠፋም። ሆኖም ስሙ በግልጽ የተጠራ ስጦታ ነው። የኢንተርኔቱ ተጫራች ግን ራሱን «ርካሽ ዕቃ አገኘሁ» እያለ ያታልላል። ደስታ ቢሆን ኖሮ የላኩለትን ጥቅል በፈታ ጊዜ ፊቱ ለምን ይጠቁራል?

ፍርዴ እንዳይዛባ አንድ ነገር ልመስክር። ሐራጅ በራሱ ክፉ አይደለም። ዋጋው የማይታወቅ ብርቅ ዕቃ፥ አሮጌ መጽሐፍ ወይም የጥንት ገንዘብ፥ እውነተኛ ፈላጊውን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሻጩም ገዢውም ይጠቀማሉ። ቢላዋ ሥጋ ይቆርጣል፥ እጅም ይቆርጣል፤ ልዩነቱ በያዘው ሰው ላይ ነው። እኔ የምነቅፈው ሰው ለራሱ ዋጋ ሳይወስን ወደ ሐራጅ መግባቱን ነው። ዋጋውን ይዞ ያልገባ ሰው የሌላውን ሰው ዋጋ ተሸክሞ ይወጣል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ምክሬ ጥቂት ነው። ሐራጁን ከመክፈታችሁ በፊት፥ የሌሎቹን ዋጋ ሳታዩ፥ ያ ዕቃ ለእናንተ ምን ያህል እንደሚያወጣ በወረቀት ጻፉ። የመላኪያውንና የቀረጡን ወጪ ከዚያ ላይ ቀንሱ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው በዚህ ነው። ያው ዕቃ በሌላ ሱቅ በተቆረጠ ዋጋ መገኘት አለመገኘቱን ፈልጉ። መነሻ ዋጋው አንሶ ስታዩ አትፈንጥዙ፤ ዝቅተኛ መነሻ ብዙ ሰው ይሰበስባል፥ ብዙ ሰውም ብዙ እልህ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ዋጋችሁን አንድ ጊዜ ሰጥታችሁ ስልኩን ዝጉ። «ሌላ ሰው በልጦሃል» የሚል መልእክት ሲመጣ «አምስት ዶላር ብቻ ልጨምር» አትበሉ፤ «ባላንጣ በሌለበት በሱቅ ቢሆን በዚህ ዋጋ እገዛው ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አይደለም ከሆነ፥ ያ ሰው ከዕቃው ጋር ጸጸቱንም ስለ ወሰደላችሁ አመስግኑት። ለማያስፈልግ ዕቃ መበደር ከመጣ ደግሞ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው የሳቁበትን ሰው መሆናችሁን ዕወቁ።

ይህን ሁሉ ስለ ሰዓትና ስለ ጫማ ብቻ እንደ ተናገርሁ አትቍጠሩት። ዛሬ በስልክ ላይ አምስት ዶላር በአምስት ዶላር የሚሸነፍ ልብ፥ ነገ በትዳር ምርጫ፥ በቤት ሥራ፥ በድግስ፥ በሹመት ከጎረቤቱ ጋር ሲጫረት ይገኛል። ጎረቤቱ ቤቱን ሁለት ፎቅ ስላደረገ እርሱ ሦስት ያደርጋል፤ ከዚያም በውስጡ የሚኖርበት ሳይሆን የሚያለቅስበት ቤት ይሆናል። በእልህ የተገዛ ነገር ሁሉ ባለቤቱን ይገዛዋል።

እውነተኛ ድል የሌላውን ሰው ድምፅ ዝም ማሰኘት አይደለም፤ በራስ ውስጥ «ጨምር! ጨምር!» የሚለውን ድምፅ ዝም ማሰኘት ነው። ዋጋውን ዐውቆ፥ ልኩ ላይ ቆሞ፥ ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ሳይቀና ወደ ሥራው የተመለሰ ወጣት፥ ማሽኑ ተሸናፊ ቢለውም እርሱ አሸናፊ ነው። ገንዘቡ በኪሱ ነው፤ ልቡም በእጁ ነው። ከሁለቱም አንዱን የሚሸጥለት ሐራጅ በዓለም ላይ የለም።